አኒሜሽኑ ይገባቸዋል፣ ኮድ ጻፉ ሲባሉ ግን ጭጭ

ጥያቄ፦ ከ13 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ልጆች ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። ሉፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያ)፣ ቫሪያብል (ዋጋ ማስቀመጫ ሳጥን)፣ ምናምን እያልኩ በቃል ሳስረዳ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር። ወደ አኒሜሽን ቪዲዮ ስዞር ተመስጠው ያያሉ፣ «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ!» ይላሉ። ባዶ ስክሪን ስሰጣቸው ግን አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። አኒሜሽኑን ልተወው?

መልስ፦ ኧረ አይተዉት! ግን «አዎ!» የምትለዋን መልስ አይመኗት። ልጆቹ ያዩት ሌላ ሰው ሲያስብ ነው፤ እነሱ ገና አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ 24 ሙከራዎችን የመረመረ ጥናት ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ለውጥ የሚያመጣው በአብዛኛው ተማሪው የሚያየው ምስል ሳይሆን ምስሉን ይዞ የሚሠራው ሥራ ነው።

ስለዚህ መሃል ላይ ያቁሙት። ለምሳሌ «ሀ» የሚባል ሳጥን ውስጥ 5፣ «ለ» ውስጥ 3 አለ እንበል። ልናቀያይራቸው ፈልገን መጀመሪያ «ሀ = ለ» (ማለትም «ለ» ውስጥ ያለው «ሀ» ውስጥም ይግባ)፣ ቀጥሎ «ለ = ሀ» ብለን ጻፍን። ከማስኬድዎ በፊት ሁሉም መልሱን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ብዙዎቹ «ሀ 3፣ ለ 5» ይላሉ። ከዚያ አንድ አንድ መስመር እያሉ ያስኬዱት። ሁለቱም 3! 5ቷ የት ገባች? እዚህ ጋ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። ሦስተኛ ሳጥን ያስፈልጋል የሚለውን እርስዎ አይንገሯቸው፣ ትንሽ ከታገሱ አንዱ ራሱ ያመጣዋል። ለዚህ ፓይተን ቲውተር የሚባለው ድረ ገጽ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ የጻፉትን ኮድ በየመስመሩ እያስኬደ ቫሪያብሎቹን ያሳያል፣ ክፍያም የለውም።

ከቪዲዮ ይልቅ እኔ የምወደው ግን ልጆቹ ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለልጆች ከተሠራው ከሎጎ ቋንቋ ጋር ስሟ የገነነው፣ በትእዛዝ ስክሪን ላይ እየሄደች መስመር የምትስለው ኤሊ ዛሬ ከፓይተን ጋር አብራ ትመጣለች። «100 ወደፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» 4 ጊዜ ሲደጋገም ካሬ ይሆናል። ሦስት ማዕዘን ሳሉ ሲባሉ ግን አብዛኞቹ 60 ብለው ይጽፉና መስመሩ ሳይገጥም ይቀራል። ያኔ አንዱን ልጅ አስነስተው ወለሉ ላይ ያስኬዱት፤ የሚዞረው 120 መሆኑን በእግሩ ያውቀዋል።

ባዶ ስክሪን ላይ ደግሞ አይቸኩሉ። የሚሠራውን የካሬ ኮድ ይስጧቸውና «4ቱን 5 አድርጉት፣ ምን ይመጣል?» ይበሏቸው። ባለ አምስት ጎን የሚጠብቀው ብዙ ነው። ኤሊዋ ግን የመጀመሪያውን መስመር ደግማ ሄዳበት ቁጭ ትላለች።