ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሄድም

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ስልኬ አራት መስመር ኔትወርክ ያሳያል፤ ማታ ማታ ግን ቪዲዮ አይከፍትም። ስልኩን ልቀይር ወይስ ሲሙን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይቀይሩ፣ መጀመሪያ ይለኩ። መስመሮቹ በዋናነት የሲግናሉን ጉልበት እንጂ ጥራቱን አያሳዩም፤ አሳሳላቸውም ከስልክ ስልክ ይለያያል።

አንድሮይድ ከሆነ መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ብለው ይጻፉ። እምቢ ካለ ኔትሞንስተር የተባለውን አፕ ይጫኑ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብለው ይደውሉ። የሚፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው።

አርኤስአርፒ (ስክሪኑ ላይ RSRP) የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። -85 ጥሩ ነው፣ -100 ደካማ፣ ከ-110 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። የ10 ልዩነት ቀላል እንዳይመስልዎ፦ ጉልበቱ በአሥር እጅ ቀነሰ ማለት ነው። «ሲኖር» (ስክሪኑ ላይ SINR ወይም SNR) የሚባለው ደግሞ ጥራቱ ነው፤ ከ20 በላይ ምርጥ፣ ከ5 በታች ቀርፋፋ፣ ከዜሮ በታች በጣም መጥፎ።

ዋይፋይ ያጥፉ። ስልኩን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ መካከለኛውን ይያዙ። በእጅዎ አይጨብጡት፣ እጅ ራሱ ሲግናል ይቀንሳል። ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ያስኪዱ። ይህንኑ ውስጠኛው ክፍል ይድገሙት፤ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን።

መስኮት ላይ -88፣ ውስጥ -106 ካሳየ ጥፋቱ የግድግዳው ብረትና ኮንክሪት ነው። የሲም ራውተር መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ጉልበቱ ጥሩ ሆኖ ጥራቱ (SINR) ቀንም ማታም ዝቅ ካለ የሌሎች ታወሮች ሲግናል እየረበሸ ነው፤ ራውተሩን በሌላኛው የቤቱ ጎን ይሞክሩት፣ ሕንፃው ራሱ ረባሹን ይጋርድልዎታል።

አርኤስአርፒ ቀንም ማታም ያው ሆኖ ፍጥነቱ ማታ ብቻ ከወደቀ ታወሩ ላይ ሰው በዝቷል። የእርስዎ ምልክት ወደዚህ ያደላል፤ ይህንን ስልክ መቀየር አይፈታውም። ታወሩ ላይ አቅም መጨመር ያለበት ኦፕሬተሩ ነው፤ «ኢንተርኔት ዘገመ» የሚል አቤቱታ ግን ለኢንጂነሩ ምንም አይነግረውም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አፑ ላይ የሚታየውን የሴል መለያ ቁጥርና ባንድ (ስልኩ የተያያዘበትን የታወር ክፍልና የሞገድ መደብ)፣ ሁለቱን ልኬቶችና ፍጥነቱን ጽፈው ይስጡ።

ገበያ ላይ የሚሸጠውን ሲግናል ማጉያ ግን አይግዙ። መጨናነቅን አይፈታም፤ ጥራት የሌለው ከሆነ ደግሞ ወደ ታወሩ ረባሽ ሲግናል እየላከ የጎረቤትዎን መስመር ጭምር ያበላሻል።