መልስ፦ ስፖርት መኪና የደብረ ብርሃንን ውርጭ እንዴት ይለፍ?

ወንድሜ፣ ሴሊካዋን (የቶዮታ ስፖርት መኪናህን) ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ ላቆማት ነው፣ በረዶ ሀገር እንደሚያደርጉት ልዘጋጅ ወይ ነው ያልከው። እኛ ጋ ችግሩ ውርጭ ነው እንጂ በረዶ አይደለም፣ መንገድ ላይም እንደነሱ በረዶ ለማቅለጥ ጨው ስለማይበተን እነሱን የሚያስጨንቃቸው ዝገት ላንተ ያን ያህል አያሳስብህ።

መጀመሪያ ራዲያተሩን እይ። ብዙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ውስጡ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ከባድ ውርጭ ካገኘው ራዲያተሩን አልፎ ሞተሩንም ሊሰነጥቅልህ ይችላል። አስቀዳና ግማሽ ኩላንት (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ) ግማሽ የተጣራ ውሃ አስሞላ፣ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ድረስ ይችላል፣ መንዝም ብትወጣ አታስብ።

ባትሪውን ኔጋቲቩን ፍታው። በየቀኑ 5 ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ግን ተው፣ ሁሉም እዚህ ያደርገዋል ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል ባትሪውም አይሞላም። የእጅ ፍሬን አትሳብ ሊጣበቅ ይችላል፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተህ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ።

ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ካየህ ደሞ ሙቅ ውሃ እንዳታፈስ! እኔ አንዴ ለቡና የተጣደውን ውሃ አፍስሼበት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፣ ቡናውም ቀረ።

ጣርማበር ድረስ ልንዳት ካልክ ጎማውን አስለካ፣ ብርድ ሲሆን ንፋሱ ይቀንሳል፣ የስፖርት ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቅና መንገድ አይዝም።