መልስ፦ በጠበል ቦታ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት ለመጀመር

በሸንኮራ ዮሐንስ ጠበልተኞች መካከል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ለማካሄድ አስበው ‹‹የወረዳው ቤተ ክህነት ከፈቀደ አይበቃም?›› ብለው ለጠየቁት፦ አይበቃም። የቤተ ክህነቱ የፈቃድ ደብዳቤ በር ያስከፍታል እንጂ ሰው አያናግርም። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ቀጥሎ አጥማቂውን አባት ያግኙ። ማን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደሳለ፣ ማን ክኒኑን ትራስ ሥር እንደደበቀ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መጠይቁንም ከማሳተምዎ በፊት ያንብቡላቸው።

በእኔ ግምት ለሕክምናው ትልቁ እንቅፋት እምነት ሳይሆን ሰዓት ነው። ጠበልተኛው በባዶ ሆዱ ይጠመቃል፤ ብዙው ከዚያም በኋላ ይጾማል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ክኒኑን በጠዋት እንዲውጥ ያዘዋል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት በዚህ ሰበብ ሲቆራረጥ ተህዋሱ መድኃኒቱን ይላመዳል። ስለዚህ የመዋጫውን ሰዓት ሐኪሙና አባቶች አብረው ይወስኑ። ‹‹ጠበልና መድኃኒት አይገናኙም›› የሚል ካጋጠመዎት፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን ያስታውሱት።

ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። እኛ ደብር ከዓመታት በፊት አጥኚዎች መጥተው አክታ ሰብስበው ሄዱ፤ ውጤቱን የነገረን የለም። ዛሬም ‹‹ጥናት›› ሲባል ሰዉ ፊቱን ያዞራል። እርስዎ የየሰውን ውጤት ለየራሱ በምስጢር፣ አጠቃላዩን ደግሞ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ለመንገር ከወዲሁ ቃል ይግቡ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከወረዱ ኢማሞቹንም ከመጀመሪያው ቀን ያማክሩ፤ ቀጠሮውን ግን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አይያዙ።