አንድ ዙር ላልቶ ቀጥ ያለው የቮልስ ካንዴላ

ከቸርችል ጎዳና አካባቢ የጻፈልን ወንድማችን ከአባቱ የወረሳት 1300 ቮልስ አለችው። እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ናት። ለረጅም ጊዜ ቆማ ስለነበር ሊያስነሳት ካንዴላዎቿን (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) መፍታት ጀመረ። ሦስቱ ወጡለት። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን አንድ ዙር ያህል ላልቶ ቀጥ አለ። አንድ የሰፈር መካኒክ «መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተን በኃይል እንጠምዝዘው» ብሎታል። ይሁን ወይ? ነው ጥያቄው።

በፍጹም እሺ እንዳትል ወንድሜ። ካንዴላው ብረት ነው፤ የሚታሰርበት ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ግን አሉሚኒየም። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ቴስታታው ነው። ካንዴላው የቴስታታውን ጥርስ (እንደ ብሎን የሚታሰርበትን ጠመዝማዛ) ጠራርጎ ይወጣል፣ አለዚያም አንገቱ ላይ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። የካንዴላና የቴስታታ ዋጋ ደግሞ አይገናኝም።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ትልቅ ፍንጭ አለ፤ «አንድ ዙር ላልቶ ቆመ» ብለሃል። ዝገት ወይም የማጥበቅ ችግር ቢሆን ኖሮ ከመነሻውም አይነቃነቅም ነበር። ላልቶ መልሶ የሚጠብቅ ካንዴላ ችግሩ ያለው ከታች ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ካርቦን ለብሷል። ወደ ላይ ስታወጣው ካርቦኑ የቴስታታው ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ረጅም ካንዴላ ነው። የወጡትን ሦስቱን አምጣና ጥርስ ያለውን ክፍል በማስመሪያ ለካ። ለቮልስህ የሚሆነው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ተመሳሳይ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ ርዝመቱ 19 የሆነ ካንዴላም አለ፤ ያለ ችግር ይገባል። ትርፉ ጥርስ ግን እሳቱ ውስጥ ተጋልጦ ይቀመጥና ካርቦን ይሰበስባል። ፒስተን ወይም ቫልቭ ሊነካም ይችላል። የኤንጂኬ ካንዴላ ከሆነ ፊደሉን አንብብ። «ቢ-5-ኤች-ኤስ» ላይ ያለው ኤች 12.7 ማለት ነው። በኤች ቦታ ኢ ካለ 19 ነው። ስለዚህ ሱማሌ ተራ አዲስ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን አሳይተህ «እንደዚህ ዓይነት ስጡኝ» አትበል። አሮጌው ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ርዝመቱ ትክክል ከሆነም አዲስ አበባ ራሷ ለካርቦን ታግዛለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ስላለበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። በሾፌሩ በኩል ወደ ኋላ ወንበር የተጠጋው እሱ ነው፤ እጅ እንደ ልብ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ የጋለ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ኦክስጅን እናብራበት ለሚልህም ጆሮ አትስጥ፤ አጠገቡ ቤንዚን አለ። ካንዴላውን መልሰህ በእርጋታ እስኪቀመጥ አጥብቀው። ጎሚስታ ጋ ካለ ኮምፕሬሰር አየር ሳብና ዙሪያውን ንፋ፤ ዓይንህን ሸፍን። የመንገድ ሥራ አቧራ በየቦታው ነውና ያ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያ ግማሽ ዙር አላላውና ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሥሩ ላይ ንፋ። አሳድረው። ሲነጋ ድገምና ጥቂት ሰዓት ቆይ። አሁን ባለ ስድስት ማዕዘን የ21 ቡሶላ (ካንዴላው ላይ የሚጠልቅ መፍቻ) ቀጥ አድርገህ ሰካ። ባለ አሥራ ሁለቱ ማዕዘን ጠርዙን ይልጠዋል፤ ቡሶላው ካዘመመም ነጩ ሸክላ ይሰበራል። ሩብ ዙር ፍታ፣ ሲከብድህ አቁም፣ ግማሹን መልሰህ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ፍታ። ወደ ኋላና ወደ ፊት ስትለው ካርቦኑ እየተፈጨ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከሰማህ ወዲያው እጅህን አንሳ፤ ጥርሱ ደርቋል ማለት ነው። መልሰህ አጥብቀህ ዘይት ስጠው። ይሄ ሥራ ግማሽ ቀን ቢወስድብህ አይግረምህ።

ሲወጣ ጥርሱን በነጭ ጨርቅ ጥረግና በብርሃን እይ። ጥቁር ዱቄት ከሆነ ደግ ነው። ብርማ ፍቅፋቂ ካየህ የቴስታታው ጥርስ ተነክቷል። አዲሱን በግድ አታስገባ። ቴስታታውን አስፈትተህ ቶርኖ ቤት ውሰድና የብረት ጥርስ ይግባለት። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነውና ማውረዱ አያስፈራህ።

ጥርሱ ደህና ከሆነ አዲሱን መጀመሪያ በጣትህ ብቻ አዙረህ ጨርስ። አዲስ ሮንዴላ (ሥሩ ላይ ያለው የብረት ቀለበት) ያለው ከሆነ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። የካንዴላ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ጎሚኒ አትርሳ፤ ሞተሩን የሸፈነው ቆርቆሮ ላይ ግጥም ብሎ መቀመጥ አለበት። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ጎሚኒው ከሌለ የቬንትሌተሩ አየር በቀዳዳው ያመልጥና ያው ሦስተኛው ሲሊንደር መልሶ ይግላል።