ከላይ ፎቅ የሚወርደው ኳኳታ፦ ሳይገነባ በፊት ይሰላል?

ከፎቅ ወደ ፎቅ ስለሚወርድ የእግር ኮቴና የወንበር ጉተታ የላካችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ሳይሞላ ድምፁን መገመት ይቻላል?
መልስ፦ ይቻላል። የአንድ ካሬ ሜትር ሶሌታ ክብደት ስንት ኪሎ እንደሆነ ያዙ። የዚያን ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) በ35 አባዙና ከ164 ላይ ቀንሱ። 15 ሳንቲም ኮንክሪት በካሬ 360 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ወደ 75 ዴሲቤል ይመጣል። ቁጥሩ ታች ያለው ሰው የሚሰማውን ስለሚያሳይ፣ ሲያንስ ነው ጥሩ። ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ ሶሌታውን ባወፍረውስ?
መልስ፦ እጥፍ ቢሆን የሚቀንሰው 10 ዴሲቤል ተኩል ነው። ለዚያ ሁሉ ኮንክሪትና ብረት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?
መልስ፦ ተንሳፋፊ ወለል። ሶሌታው ላይ እንደ ድንጋይ ሱፍ ያለ ለስላሳ ንጣፍ፣ ከዚያ በላይ ስክሪድ (ከሴራሚኩ በታች የሚፈስ የሲሚንቶ ልስን)። ንጣፉ ጥሩ ስፕሪንግ ከሆነና ስክሪዱ በካሬ 100 ኪሎ ከመዘነ፣ ሁለቱ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ) አካባቢ አብረው ይርገበገባሉ። ድምፁ ከዚያ ሲቀጥን ትርፉ፣ ማለትም የሚቀነሰው ድምፅ፣ ይጨምራል፤ 500 ኸርዝ ላይ ወደ 30 ዴሲቤል ይደርሳል። 50 ኸርዝ አካባቢ ግን ትርፍ የለም። ስለዚህ የወንበሩ ጉተታ ሲጠፋ የተረከዙ ድው ድው ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ስሌቱ ጥሩ ነበር፣ ሲለካ ግን በጣም በልጦ ተገኘ። ለምን?
መልስ፦ ጠርዙን እዩ። ሁለት ንጣፎች ሲጋጠሙ ጣት የማያስገባ ክፍተት እንኳ ካለ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ሾልኮ ሶሌታው ላይ ይደርቃል። በቃ፣ ለድምፁ ድልድይ ሆነ። ዞኮሎም (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) እንደዚያው ነው፤ ከሴራሚኩ ጋር በሲሚንቶ ሲያያዝ ድምፁን ወደ ግድግዳው ይወስደዋል። በስክሪዱና በግድግዳው መካከል የሚገባው የጠርዝ ስፖንጅ ሴራሚኩ ተነጥፎ እስኪያልቅ አይቆረጥ። አናጺው «አስቀያሚ ነው» ብሎ ቀድሞ ከቆረጠው ስሌቱ ገደል ገባ። በግድግዳ በኩል የሚዞረውን ድምፅ ለመጨመር ደግሞ አይኤስኦ 12354 ክፍል 2 የተባለው ዓለም አቀፍ የስሌት ደረጃ ዘዴ አለው።

ጥያቄ፦ የሚለካው በምንድን ነው?
መልስ፦ እያንዳንዳቸው 500 ግራም የሆኑ 5 መዶሻዎች ባሉት ማሽን። ከ4 ሳንቲም ከፍታ እየወደቁ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታሉ። የሚሮጥ ልጅ ግን አይመስልም!

ጥያቄ፦ ከታች ኮርኒስ ብቻ ብሰራስ?
መልስ፦ በቀጥታ የሚወርደውን ይቀንሳል። በግድግዳው የሚወርደውን አይነካም።

ጥያቄ፦ ለእንጨት ወለልም ያው ስሌት ነው?
መልስ፦ አይደለም። የ164ቱ ስሌት በካሬ ከ100 እስከ 600 ኪሎ ለሚመዝን ወጥ ሶሌታ ነው። ለእንጨት በላብራቶሪ የተለካ ተመሳሳይ ወለል ፈልጉ።