ለቀበሌ 14ቷ እህታችን፦ ማታ ስለሚቀዘቅዘው ፋይበርና ዝናብ ሲጥል ስለሚጠፋው ዲሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጠው። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 በተከራየሽው ቤት የ10 ሜጋ ፋይበር ኢንተርኔት አለሽ። ማታ ማታ ፍጥነቱ 2 እና 3 ሜጋ ነው የሚለካልሽ፤ ጥሪ ማዕከል ስትደውዪም «ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው» ይሉሻል። ዲኤስቲቪውም ዝናብ ሲጥል ይጠፋል። ሁለቱንም አቋርጬ የሲም ራውተር (በሞባይል ሲም ካርድ ኢንተርኔት የሚሰጥ ዕቃ) ልግዛ ወይ ነው ያልሽው።

አሁን አታቋርጪ፤ መጀመሪያ ለኪ። በኛ አገር የኢንተርኔትም የቲቪም ዋጋ በታሪፍ የተቆረጠ ነው፤ መስኮት ላይ ቆሞ በመለማመጥ አይቀንስም። በእጅሽ ያለው የምትከፍዪበትን ፓኬጅ መምረጥና የተበላሸውን በማስረጃ ማስጠገን ነው። «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» የሚል ቅሬታ እዚያው ስልኩ ላይ ይዘጋል። ቁጥር የያዘ ቅሬታ ግን ወደ ቴክኒክ ክፍል ለመሄድ ዕድል አለው።

ከቁጥሩ ትርጉም እንነሳ። 10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው። ፋይል ስታወርጂ የሚታይሽ ግን ሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ከ10 ሜጋ የምታገኚው ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት፣ በተግባር 1.1 አካባቢ ነው። 700 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፊልም በ11 ደቂቃ ገደማ ከወረደ መስመርሽ ጤነኛ ነው። «የ10 ከፍዬ 1 ብቻ ነው የሚመጣልኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ሳይለዩ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚያመለክት ሰው ደግሞ ትክክለኛ ቅሬታ ቢኖረውም ሰሚ ያጣል።

የምትለኪው በዋይፋይ ከሆነ ውጤቱን ለማንም አታሳዪ። ላፕቶፕ ተዋሺና በላን ኬብል (በኔትወርክ ሽቦ) ከሞደሙ ጋር አገናኚው፤ የቤቱን ስልኮችና ቴሌቪዥን ሁሉ ከዋይፋዩ አስወጪ፤ የላፕቶፑንም ዋይፋይ አጥፊ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለኪ፤ ይህን ለአምስት ቀን ያህል ደጋግሚው። የየጊዜውን ውጤት ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። የምትለኪበት የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ «ሰርቨር ምረጥ» የሚል ቦታ አለው፤ ሰርቨር ልኬቱ የሚደረግበት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ አንዴ አዲስ አበባ ያለውን፣ አንዴ ናይሮቢ ወይም አውሮፓ ያለውን ምረጪ። አዲስ አበባ ድረስ 9 እያለ ወደ ውጭ ሲሆን 3 ከሆነ እክሉ ሰፈርሽ ውስጥ አይደለም፤ የቤትሽን ሽቦ መነካካትም አያስፈልግም።

ከውጤቱ ምን ታነቢያለሽ? በኬብል 9.5፣ በዋይፋይ 3 ከሆነ ችግሩ ከድርጅቱ ሳይሆን ከዋይፋዩ ነው። ሞደሙ ከብረት በር ጀርባ ወይም ከፍሪጅ አናት ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ከፍ አድርጊና መሀል ቤት ላይ አስቀምጪው፤ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ካለው ለቅርብ ዕቃዎች እሱን ተጠቀሚ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጊው፤ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው እርስ በርስ የማይጋጩት። በኬብልም ቀኑን ሙሉ ዝቅተኛ ከሆነ ወይ የመስመር ጉዳት ነው፣ ወይ ድርጅቱ ሲስተም ላይ ያስገባልሽ ፍጥነት ከውልሽ በታች ነው። ይህ ሁለተኛው በብዛት የሚታለፍ ነገር ነው፤ ፓኬጅ ሲቀየር ቢሉ ተቀይሮ ፍጥነቱ ሳይቀየር ሊቀር ይችላል። ጠዋት 9.4 ሆኖ ማታ ብቻ ወደ 2.6 የሚወርድ ከሆነ ግን መጨናነቅ ነው። በፋይበር አንዱ የድርጅቱ ፖርት (መስመሩ የሚነሳበት መሰኪያ) ለ32 ወይም ለ64 ቤት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ወደ ላይ ያለው መስመርም የጋራ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ድርጅቱ ብቻ ነው፤ ሞደም ማጥፋትና ማብራት ምንም አይጨምርለትም።

ከመደወልሽ በፊት ሞደሙን ራሱን ደህና አድርገሽ እዪው። «ፖን» (PON) የሚለው መብራት ሳይርገበገብ አረንጓዴ መብራት አለበት፤ «ሎስ» (LOS) የሚለው ደግሞ ጨርሶ መጥፋት አለበት። ሎስ በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ኢንተርኔቱን በፋይበሩ ይዞ የሚመጣው ብርሃን ቤትሽ እየደረሰ አይደለም፤ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ታጥፏል። መንገድ ቆፋሪ ሲቆርጠው የሚታየው ምልክት ይኸው ነው። ከግድግዳው ወደ ሞደሙ የሚመጣውን ቀጭን ገመድ ተከተይው፤ ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ ብሎ የታጠፈ ቦታ ካለ ብርሃኑ እዚያ ላይ ይፈሳል፤ ሶፋ የተጫነውም እንደዚያው። አረንጓዴ ጫፍ ያለውን መሰኪያ ነቅለሽ ጫፉን በጣት አትንኪ፣ በአፍ አትንፊበት፤ ትንሽ አቧራ ብቻ ይበቃዋል። በዓይንሽም አጮልቀሽ አትይው፤ በዓይን የማይታይ ሌዘር ነው።

ቀጥሎ በሞደሙ ጀርባ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ክፈቺ፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። «ኦፕቲካል» በሚለው ገጽ ላይ የሚቀበለው የብርሃን ጉልበት በዲቢኤም (dBm፣ የጉልበቱ መለኪያ) ተጽፏል። ከ−8 እስከ −27 ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከ−15 እስከ −25 ከሆነ አያሳስብም። −27 አካባቢ ከሆነ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይቆራረጣል፤ መሰኪያው ቆሽሿል ወይም ገመዱ ተጎድቷል ማለት ነው። ይህች አንዲት ቁጥር ከረጅም ምሬት ይልቅ ትናገርልሻለች።

አሁን ደውዪ። ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ነው። እንዲህ ብለሽ አንብቢላቸው፦ «የአገልግሎት ቁጥሬ ይህ ነው፤ የ10 ሜጋ ፋይበር ነው። በላን ኬብል ስለካ ጠዋት 9.4፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት 2.6 ነው፤ አምስት ቀን በተከታታይ። የብርሃን ጉልበቱ −21 ስለሆነ ችግሩ ቤቴ ውስጥ አይደለም። ቅሬታ መዝግቡልኝ፤ የቅሬታውን ቁጥር ንገሩኝ።» ሞደሙን አጥፊ ካሉሽ አጥፍተሽ አብሪና «ተደርጓል፣ ለውጥ የለም» በያቸው። የቅሬታ ቁጥር ሳትቀበዪ ስልኩን አትዝጊ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውዪ ከዚያው ቁጥር ነው የምትጀምሪው፤ አለበለዚያ በየጊዜው አዲስ ሰው ሆነሽ ትቀርቢያለሽ።

በሰጡሽ ቀን ካልተስተካከለ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ በጽሑፍ ሂጂ። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ፣ ስክሪንሾቶቹን አባሪ አድርገሽ። አንዱን ሰጥተሽ በሌላው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጊበት። ይህ ማህተም የሌለው ወረቀት ዋጋ የለውም። ማመልከቻው ውስጥ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጻፊ፦ ፍጥነቱ ይስተካከል፣ ካልሆነ እያገኘሁት ወዳለው ፍጥነት ፓኬጄ ዝቅ ይበል፤ ጨርሶ የተቋረጠባቸው ቀናት ካሉ ደግሞ ውሉ ላይ ያለውን አንቀጽ ጠቅሰሽ ከቢሉ እንዲታሰብልሽ ጠይቂ። ከዚህ በኋላም ዝም ካሉሽ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በመጀመሪያ የሚጠይቅሽ ለድርጅቱ ማመልከትሽን ነው፤ ያቺ ማህተም ያለባት ኮፒና የቅሬታ ቁጥሮቹ የሚያስፈልጉሽ ያኔ ነው።

ቤት የሚመጣ ቴክኒሻን መታወቂያውን ያሳይሽ። ለጥገና ያለ ደረሰኝ ብር አትስጪ። ይህን አጥብቄ የምለው አንዴ የተሰጠ ብር በሚቀጥለው ክረምት ለጎረቤቱ ሁሉ ታሪፍ ስለሚሆን ነው።

ተከራይ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። መስመሩ በማን ስም ነው? በቀድሞው ተከራይ ወይም በአከራይሽ ስም ከሆነ ፓኬጅ መቀየርም ሆነ ማመልከት አትችዪም፤ የቆየ ዕዳም ካለ አንቺ ላይ ነው የሚቆረጠው። አከራይሽን ይዘሽ ስም ዝውውሩን ቀድመሽ ጨርሺ።

መብራት ሲጠፋስ? ፋይበር እዚህ ላይ ከድሮው የመዳብ መስመር ይሻላል፤ በመሀል ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ስለዚህ ሞደምሽ ብቻ ኃይል ካገኘ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፤ አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ አምፔሩ ከ1 እስከ 2። በዚያ ልክ የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ግዢለት። ሞደሙ 10 ዋት ቢወስድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ እንኳ፣ ወደ 4 ሰዓት ያቆይሻል። ሞደሙ በራሱ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የደከመው አዳፕተሩ ነው። የጣና ዳር መብረቅ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ነጎድጓድ ሲጀምር አዳፕተሩንም የላን ኬብሉንም ንቀዪ። ፋይበሩ ራሱ መብረቅ አይስብም፤ ዕቃውን የሚያቃጥለው በመብራት መስመሩ በኩል የሚመጣው ነው።

ወደ ዲኤስቲቪው ልሂድ። የምትቀበዪው ሳተላይት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ሳተላይቱ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ጀርባሽን ለጣና ሰጥተሽ ወደ ደቡብ ብትቆሚ ከአድማሱ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው ያለው። የጎረቤት ፎቅ ብዙም አይጋርደውም፤ ከላይ ያጠላ የማንጎ ወይም የዋርካ ቅርንጫፍ ግን ይጋርደዋል። በሚያዝያ የሠራ ዲሽ በሐምሌ የሚያስቸግረው አንዳንዴ ቅርንጫፉ ቅጠል አብቅሎ፣ ቅጠሉም ውሃ ስለሚይዝ ነው።

በጠራ ሰማይ የሲግናል ጥራቱን ከዲኮደሩ ሜኑ ውስጥ እዪ። 50 ገደማ ከሆነ ትንሽ ካፊያ ይጥለዋል፤ ዲሹ በደንብ ተስተካክሎ ከ70 በላይ መድረስ አለበት። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ከተመለሰ ይህ የሞገዱ ባህሪ ነው፤ በ11 እና 12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ በዝናብ ጠብታ ይዋጣል፣ ማንም አይጠግነውም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶም ካልተመለሰ ግን ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለውን የኬብል መሰኪያ ፍቺው፤ መሀሉ ያለው የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ጫፉን ቆርጠሽ በአዲስ መሰኪያ ቀይሪው፣ ጎማ ቴፕ ጠቅልይበት፣ ኬብሉንም ከመሰኪያው በታች ትንሽ ዘርጠጥ አድርገሽ እሰሪው፤ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥርም ለዪ። ኢ48 (E48) ሲግናል የለም ማለት ነው፣ ጣሪያ ላይ ውጪ። ኢ16 (E16) ደግሞ የክፍያ ጉዳይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ብትወጪም አይፈታም። ስትከፍዪ ዲኮደሩ በርቶ ቻናል ላይ ይሁን፤ ጠፍቶ ከሆነ መክፈቻው ትእዛዝ ሳይደርሰው ያልፋል። የስማርት ካርዱን ቁጥር በቴሌብር ስታስገቢ ከካርዱ ላይ አንድ በአንድ አመሳክሪ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ክፍያው በየወሩ ቅድሚያ ስለሆነ በየወሩ ፓኬጅ መለወጥ ትችያለሽ። የእንግሊዝ ሊግ ግንቦት ላይ ያልቃል፤ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። ትልቅ ውድድር የሌለበት ዓመት ከሆነ ሰኔና ሐምሌን ውዱን የስፖርት ፓኬጅ ይዞ መቆየት ብክነት ነው፤ ዝናቡም የሚከብደው ያኔ ነው። የቤቱ ሰው የሚያየው አሚኮንና ሌሎች የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ብቻ ከሆነ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ አያስፈልግም። እነሱ የሚተላለፉበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ጀርባሽን ለጣና ሰጥተሽ ከፊትሽ 60 ዲግሪ ወደ ግራ ዞረሽ፣ 63 ዲግሪ ወደ ላይ። አንድ ዲሽና ተራ ሪሲቨር ይበቃል።

የሲም ራውተሩን የተውኩት ለመጨረሻ ነው። ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል። በቀን 3 ሰዓት ብታዩ በወር 270 ጊጋ ነው፤ የሞባይል ዳታ ዋጋን በዚህ አባዢውና ከፋይበሩ ቢል ጋር አነጻጽሪ፣ የማስታወቂያው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ማካተቱንም አረጋግጪ። «ያልተገደበ» የሚለውም ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛትሽ በፊት ስንት ጊጋ ላይ፣ ወደ ስንት እንደሚወርድ ጠይቂ። ፋይበር ለማይደርሰው ለዘጌ ሰው የሲም ራውተር ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለአንቺ ግን ምሽት ላይ የሞባይሉም ኔትወርክ ይጨናነቃል። መሞከር ከፈለግሽ የሰው ራውተር ተዋሺና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እዚያው ቤትሽ መስኮት ላይ ለኪው፤ የራውተሩ ገጽ ላይ «አርኤስአርፒ» (RSRP፣ የሞባይል ሲግናሉ ጉልበት) የሚለው ከ−90 የተሻለ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ−110 ከወረደ አትግዢው።

ፋይበሩን በስተመጨረሻ የምታቋርጪ ከሆነ ዝም ብለሽ መክፈል አታቁሚ፤ ቢሉ እየቆጠረ ዕዳ ይሆናል። በጽሑፍ አመልክተሽ፣ ሞደሙን በርክክብ መልሰሽ፣ ዕዳ እንደሌለብሽ የሚገልጽ ወረቀት ያዢ። እስከዚያው የኦፕቲካል ገጹን ቁጥርና የምሽቱን ልኬት እዚሁ ከሥር ለጥፊልን፤ አይተን የቱ ጋ እንዳለ እንነግርሻለን።