መልስ፦ የቼሮኪዎቹ የብስክሌት ጉዞ
«የቼሮኪዎቹን (የአሜሪካ ነባር ነገድ ናቸው) የብስክሌት ጉዞ መቀላቀል እችላለሁ ወይ?» ላልከው፣ አይ ወንድሜ፤ ብስክሌቱን የሚነዱት የነገዱ ልጆች ናቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጉዞ ነው። ከአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ተነስቶ ኦክላሆማ ይደርሳል፤ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1838 እ.ኤ.አ. አያቶቻቸው ከመሬታቸው ተነቅለው የተነዱበት መንገድ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ኬንታኪ ውስጥ ማንትል ሮክ የሚባል የድንጋይ ቅስት አለ። የኦሃዮ ወንዝ በበረዶ ግግር አላሻግር ስላላቸው፣ ተፈናቃዮቹ በዚያ ብርድ እዚያ ሰፍረው ጠበቁ።

ልብህ ያለው የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ ላይ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን የዘር ባንካቸውን ነው የማየው። የአያቶቻቸውን በቆሎና ባቄላ ያቆያሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች ባለው የዓለም የዘር ማከማቻ ውስጥ ዘሩን ያስቀመጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ነገድ እነሱ ናቸው (አሪፍ አይደል?)። ብር ከሰጠህም በቀጥታ ለነገዱ ስጥ። መሃል የሚገባ አሰባሳቢ ካለ፣ ስንቱ እንደሚደርስ አስቀድመህ ጠይቅ።